ቱቦው ይቀየራል፣ ቀዳዳው ግን አይቀየርም፦ የሚያፈስ የቦይለር ቱቦ አጠጋገን

ባሕር ዳርና ዙሪያዋ ያለ እንፋሎት የማይሠራ ሥራ ብዙ ነው፤ የጨርቅ ማቅለሚያው፣ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ፣ ቆዳ ማልፊያው፣ የምግብ ማቀነባበሪያው። በእነዚህ ቤቶች የሚገኘው አብዛኛው ቦይለር የእሳት ቱቦ ዓይነት ነው፤ የእሳቱ ጋዝ በቱቦዎቹ ውስጥ ያልፋል፣ ውሃው በውጭ ይከባቸዋል። ከነዚያ ቱቦዎች አንዱ አንድ ቀን ማፍሰሱ አይቀርም።

ይህ ጽሑፍ ለጥገና ክፍል ሰዎች ነው። ከመጀመሪያው አንድ ነገር ያዙ፦ ቱቦ ርካሽ ነው፤ ቱቦዎቹ የሚሰኩበት ወፍራም ብረት፣ ቱብ ሺት የምንለው፣ ውድ ነው። ቱቦ ተቆርጦ ይጣላል። ቱብ ሺት ግን የቦይለሩ አካል ነው፤ ቀዳዳው ከሞለለ ወይም በሁለት ቀዳዳዎች መሃል ያለው ብረት ከተሰነጠቀ ጥገናው የቱቦ ጥገና መሆኑ ያበቃል። ከታች የተጻፈው ደረጃ ሁሉ ቀዳዳውን ለማዳን የተደረደረ ነው ብላችሁ አንብቡት። ብየዳ ያለበት ሥራ ሲሆን ደግሞ በግፊት ዕቃ ብየዳ የተፈተነ በያጅ ይሥራው፤ የቦይለሩ መርማሪም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይወቀው።

እውነት ቱቦ ነው ወይ?

ቦይለር ዘግቶ ማቀዝቀዝ ቢያንስ የአንድ ቀን ምርት ያስቀራል። ስለዚህ ከመዝጋታችሁ በፊት እርግጠኛ ሁኑ።

አስተማማኙ ምልክት የውሃው መዝገብ ነው። የመጋቢው ውሃ ፍጆታ ጨምሮ የእንፋሎቱ ፍጆታ ካልጨመረ ውሃው የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። ከዚህ የረቀቀውን ምልክት ደግሞ ኬሚካል የሚለካው ልጅ ይነግራችኋል፦ «መድኃኒቱን እንደወትሮው እየጨመርኩ ነው፣ የቦይለሩ ውሃ ግን እየቀጠነ ነው» ካለ ልብ በሉ። እንፋሎት ጨውን ይዞ አይወጣም፤ የሚፈስ ውሃ ግን ይዞ ይወጣል። ብሎውዳውን (ጨው የበዛበትን የቦይለር ውሃ አውጥቶ ማፍሰስ) ሳይጨመር በውሃው ውስጥ የሟሟው ጨው ከወረደ፣ የብሎውዳውን ቫልቩም ደህና ከሆነ፣ ቱቦ እያፈሰሰ ነው ማለት ነው።

ነጭ ጭስ ብቻውን አያሳምናችሁ። በሐምሌ ጠዋት ከሐይቁ የሚነሣው አየር ቀዝቃዛና እርጥብ ስለሆነ ጤነኛ ቦይለርም ነጭ ጭስ ያወጣል። የጭስ ሳጥኑ በር ላይ የሚንጠባጠበውም እንዲሁ ነው፤ ከቀዝቃዛ ሲነሣ ጋዙ ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ያልበዋል፣ ቦይለሩ ሲሞቅ ላቡ ይቆማል። ሞቆም ካልቆመ፣ ወይም ግፊት ሲጨምር ከጨመረ፣ ፍሳሽ ነው። በተቃራኒው ደግሞ በቱቦ ጫፍ ያለ ትንሽ ፍሳሽ ብረቱ ሲሞቅና ሲለጠጥ ተጣብቆ ይቆምና ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ያለቅሳል። ስለዚህ «ሲሠራ አያፈስም» የሚለውን ኦፕሬተር እመኑት፤ ግን ጫፉን ሳታዩ አትለፉ።

ነጭ የጨው ዱካ ያለበትን ቱቦ ጫፍ በተለይ አትናቁ። እዚያ ቦታ የወጣው ውሃ እየደረቀ አልካሊውን እዚያው ይተዋል፤ በስንጥቁ ውስጥ የሚጠራቀመው ይህ አልካሊ (ኮስቲክ) ብረቱን ከውስጥ እየሰነጠቀ ይሄዳል። «ትንሽ ነው፣ እስከ በዓል ይቆይ» የሚባለው ፍሳሽ ቱብ ሺት የሚያበላሸው በዚህ መንገድ ነው።

ማቀዝቀዝ

ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ እንበል።

በርነሩን አጥፉ። የነዳጁን ቫልቭ ዝጉና ቆልፉ፤ የኤሌክትሪኩን ዋና ማብሪያ ዝጋችሁ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ። ሁለት ቦይለሮች አንድ የእንፋሎት መስመር የሚጋሩ ከሆነ በአንድ ቫልቭ ብቻ አትተማመኑ። ከሌላኛው ቦይለር የሚመለስ እንፋሎት ውስጥ ያለን ሰው ቀቅሎ ይገድላል። ሁለት ቫልቭ ዝጉና በመሃላቸው ያለውን ማስወገጃ ክፍት አድርጉ፤ ይህ ከሌለ በፍላንጁ ላይ ዝግ ሳህን አስገቡ። የብሎውዳውን መስመሩም የጋራ ከሆነ እንዲሁ።

ከዚያ ተዉት። የጭስ በሮቹን ከፍቶ ፋን ማስነሣት፣ ትኩሱን ውሃ አፍስሶ ቀዝቃዛ መሙላት፣ ሁለቱም ክልክል ነው። ቱቦው ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎም ያጥራል፤ ቱብ ሺቱ ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ይይዛል። አንዱ ሲያጥር ሌላው ስለማይከተለው ደህና የነበሩት መገጣጠሚያዎች ይላላሉ። አንድ ቱቦ ለመጠገን ገብቶ አሥራ አምስት የሚያለቅስ ጫፍ ይዞ መውጣት የሚመጣው ከዚህ ነው።

የፈረቃ ኃላፊው መጥቶ «ጋሼ፣ ነገ ጠዋት እሳት ይነሣል አይደል?» ይላል። መልሱ «አይነሣም፣ ልጄ» ነው። መካከለኛ ቦይለር በተፈጥሮው እስኪቀዘቅዝ አንድ ሙሉ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ግፊቱ ወደ 1 ባር ሲወርድ የላይኛውን የአየር ቫልቭ ክፈቱ። ካልተከፈተ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ሲመለስ ውስጡ ባዶ ይሆንና የማንሆሉን ጓርኒሲዮን (የሰው መግቢያውን ክዳን ማሸጊያ) ወደ ውስጥ ይስበዋል። ውሃው ከ50 ዲግሪ በታች ሳይወርድ አታፍስሱ። ማኖሜትሩ ዜሮ ማለቱ ቀዝቅዟል ማለት አይደለም፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ዜሮ ግፊት ላይ ያለ ውሃም ቆዳ ይገፍፋል።

ሰው ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የአየሩ ኦክስጅን ይለካ፤ ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ አይገባም። አየር ማስገቢያ ፋን ይተከል፣ መብራቱ ከ24 ቮልት አይለፍ፣ በሩ ላይ ሌላ ሥራ የሌለው ጠባቂ ይቁም። ጠባቂው «ሻይ ልጠጣ» ብሎ የሚሄድ ከሆነ ውስጥ ያለውም ይውጣ።

የሚያፈሰውን መለየት

የፊቱንም የኋላውንም በር ክፈቱ። ጥቀርሻውን ጥረጉ፤ በቆሸሸ ቱብ ሺት ላይ ፍሳሽ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ከዚያ ቦይለሩን በውሃ ሙሉት፤ የውሃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ አይነስ፣ በእጅ የሚዳሰስ ለብ ያለም ይሁን። ከላይ ባለው የአየር ቫልቭ አየሩ ሁሉ ወጥቶ ንጹሕ ውሃ እስኪፈስ ጠብቁና ዝጉ። በእጅ ፓምፕ ቀስ እያላችሁ እስከ መደበኛው የሥራ ግፊት ድረስ አንሡ።

በአየር አትሞክሩ። የተጨመቀ ውሃ ቀዳዳ ሲያገኝ ግፊቱ ወዲያው ይሞታል፤ የተጨመቀ አየር ግን እንደ ፈንጂ ኃይሉን ይዞ ይጠብቃል።

አሁን ፋኖስ ይዛችሁ ቱቦ በቱቦ ተመልከቱ። ውሃው ከቱቦው ውጭ፣ በቱቦውና በቀዳዳው መሃል ከሆነ የሚወጣው መገጣጠሚያው ነው የላላው። ከቱቦው ውስጥ የሚወጣ ከሆነ አካሉ ተበስቷል፤ በሁለቱም ጫፍ ሊፈስ ስለሚችል ወደየትኛው ጫፍ እንደሚቀርብ በጊዜ ልዩነቱ ገምቱ። የታችኛው ረድፍ ሁሉ እርጥብ ከሆነ ከላይ የሚወርደው እያታለላችሁ ነው፤ ከላይ ጀምሩ፣ እያደረቃችሁ ውረዱ። የምታገኙትን ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት፣ በወረቀትም ላይ የቱብ ሺቱን ሥዕል ሥላችሁ ረድፉንና ቁጥሩን መዝግቡ።

ማጥበቅ፣ መድፈን ወይስ መቀየር

መገጣጠሚያው ብቻ ከላላ፣ ቱቦው ካልሳሳ፣ ጫፉም ካልተሰነጠቀ እንደገና በኤክስፓንደር (ቱቦውን ከውስጥ በሮለር እየገፋ በሚያሰፋ መሣሪያ) ማስፋት ይበቃል። አንድ ጊዜ። ሁለተኛ ጊዜ ያፈሰሰ ቱቦ ዳግመኛ አይጠበቅም፤ ብረቱ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ቀዳዳውም እየሰፋ ይሄዳል።

ቱቦው አካሉ ላይ ከተበሳ ትክክለኛው ሥራ መቀየር ነው። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መድፈን ይቻላል፤ ግን ምን እያደረጋችሁ እንደሆነ እወቁ። የተደፈነው ቱቦ በቀዳዳው በኩል ውሃ ገብቶበት ሙሉ የቦይለሩን ግፊት ይሸከማል። የውስጥ ዲያሜትሩ 57 ሚሊሜትር በሆነ ቱቦ በ10 ባር ግፊት እያንዳንዱ ድፍን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል 260 ኪሎ ያህል ነው። ስለዚህ በመዶሻ ብቻ የተመታ ሾጣጣ ብረት አይታመንም። ሁለቱን ድፍኖች ከዳር እስከ ዳር በሚያልፍ ዘንግና በዳዶ እሰሯቸው። ዘንጉ ራሱ ይህን ጭነት የሚችል ውፍረት ይኑረው። የእንጨት ድፍን የሚሉም አሉ፤ እሳት ያለበት ቦታ ነው፣ ተዉት።

የማሰሪያ ቱቦዎችን ፈጽሞ አትድፈኑ። እነዚህ ግድግዳቸው ከሌሎቹ ወፍራም፣ ጫፋቸው የተበየደ፣ ሁለቱን ቱብ ሺቶች ይዘው እንዳይነፉ የሚያደርጉ ናቸው። ከአጠገባቸው ካሉት በውፍረት ለይታችሁ እወቋቸው። ከተበሱ መቀየር ብቻ ነው። የተራ ቱቦዎቹም ድፍን ከጠቅላላው አሥረኛ እጅ ካለፈ መድፈኑ ይበቃል፤ የቀሩት ቱቦዎች ከአቅማቸው በላይ ይሞቃሉ።

አሮጌውን ማውጣት

የተበየደ ወይም የተጠቀለለ ጫፍ ካለው ያንን በግራይንደር አንሡ፤ ዲስኩ ቱብ ሺቱን እንዳይነካ ግማሽ ሚሊሜትር ተዉለትና የቀረውን በሞረድ ጨርሱ። ችኩል እጅ እዚህ ላይ የሚጭረው ጭረት ከቀዳዳው ከንፈር ላይ ተጀምሮ ወደ ውስጥ ከዘለቀ ምንም ያህል ብታሰፉ ያንን መስመር ተከትሎ ያፈስሳል።

ቀጥሎ በውስጥ ቱቦ መቁረጫ ከቱብ ሺቱ ውስጠኛ ገጽ ትንሽ ወደ ውስጥ ገብታችሁ ቁረጡ። መቁረጫው ከሌላችሁ በቀጭን መሮ የቱቦውን ግድግዳ በአንድ በኩል ወደ ውስጥ አጥፉት፤ ቀዳዳው ላይ የጨመቀው ብረት ሲታጠፍ ይለቃል። መሮው በቱቦው ብረት ውስጥ እንጂ በቀዳዳው ላይ እንዳይሄድ ምታችሁ አጭርና ተደጋጋሚ ይሁን። በኦክስጅን መቁረጫ ቀዳዳው ውስጥ መግባት ፈጣን ነው፤ በተለይ ወጣት በያጆች ይወዱታል። ነበልባሉ ግን ቱቦውን ብቻ መርጦ አይቆርጥም።

ቱቦው ሲወጣ በላዩ ላይ የተጋገረው ቅርፊት ቀዳዳው ውስጥ ካስቸገረ በኃይል አትጎትቱ፤ ወደ ውስጥ መልሳችሁ ቅርፊቱን አንኩቱና እንደገና ሞክሩ። የወጣውን ቱቦ አትጣሉት። በሴጌቶ ለሁለት ሰንጥቃችሁ እዩት፤ ለምን እንደሞተ ጽፎ ይዟል፣ ወደዚህ በኋላ እንመለሳለን።

ቀዳዳው

ዝገቱን በሸካራ፣ ከዚያ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጥረጉ፤ ወደ ዙሪያው እንጂ ከውጭ ወደ ውስጥ አትጥረጉ። ጭረቱ ክብ ከሆነ ቱቦው ሲሰፋ ይዘጋዋል፤ በርዝመት ከሆነ የውሃ መንገድ ነው። ዘይትና ቅባት ሁሉ ይወገድ።

አሁን ለኩ፤ በሁለት አቅጣጫ፣ በውስጥ ማይክሮሜትር። የቀዳዳው ዲያሜትር ከቱቦው የውጭ ዲያሜትር ከ0.8 ሚሊሜትር በላይ መብለጥ የለበትም። ከበለጠ፣ ወይም ሁለቱ ልኬቶች በግልጽ ከተለያዩ፣ ማስፋቱ ብቻ አይዘውም፤ መርማሪውን አማክሩ። በቀዳዳዎቹ መሃል ያለውን ብረት ደግሞ በሰርጎ ገብ ቀለም ፈትሹ። ቀዩ ቀለም በነጩ ዱቄት ላይ መስመር ሠርቶ ከታየ ሥራው እዚያው ይቁም። ስንጥቅ ላይ አዲስ ቱቦ ማስፋት ስንጥቁን ማስረዘም ነው።

አዲሱ ቱቦ

የውሃ ቧንቧ የቦይለር ቱቦ አይደለም። በመጠን ይመሳሰላል፣ ባለሱቁም «ያው ነው» ይላችኋል። ለቦይለር የተሠራ ቱቦ እንደ ኤ192፣ ኤ178 ወይም ፒ235ጂኤች ያለ የደረጃ ምልክት ታትሞበት፣ የፋብሪካ የፈተና ወረቀት ይዞ ይመጣል። ጋላቫናይዝድ (በዚንክ የተለበጠው) ደግሞ የባሰ ነው፤ ዚንኩ በ419 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ሲበየድ የሚወጣው ጢስም ያሳምማል።

ርዝመቱን ስትቆርጡ ከቱብ ሺቱ ውጫዊ ገጽ እስከ ሌላኛው ውጫዊ ገጽ ለክታችሁ በየጫፉ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር ጨምሩ። በኋላ በኩል፣ ጋዙ ከዋናው የእሳት ቱቦ ወጥቶ በሚዞርበት ክፍል፣ ረጅም ጫፍ አትተዉ፤ ከውሃው የራቀ ብረት እዚያ ይቃጠላል፣ ይሰነጠቃልም። ጫፎቹን በውጭም በውስጥም አለስልሱ፣ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውንም ክፍል ብሩህ ብረት እስኪሆን አጽዱ።

ማስፋት

ማስፋት ማለት የኤክስፓንደሩ ሮለሮች ቱቦውን ከውስጥ እያሹ ግድግዳውን አሳስተው ወደ ቀዳዳው መጨመቅ ነው። ቱቦው ቅርጹን ለዘለቄታው ይቀይራል፤ ቱብ ሺቱ ግን እንደ ሞላ (ስፕሪንግ) ትንሽ ተለጥጦ ይመለስና ይይዘዋል። የሚይዘው ይህ መመለስ ነው። ከልክ በላይ ከሰፋ ቱብ ሺቱም ለዘለቄታው ይለጠጣል፣ መመለሱ ይቀራል፣ መገጣጠሚያውም ይላላል። ለዚህ ነው «እስኪጮህ አጥብቀው» የሚለው ምክር ቀዳዳ የሚገድለው።

ልኩን አስሉት። ለካርቦን ብረት ቱቦ የግድግዳው መሳሳት ከ5 እስከ 7 በመቶ ሲሆን ጥሩ ነው። ምሳሌ እንውሰድ፦ የቱቦው የውጭ ዲያሜትር 63.5 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 3.2፣ ስለዚህ የውስጡ 57.1 ነው። ቀዳዳው ሲለካ 64.1 ሆነ፤ ክፍተቱ 0.6 ነው። 6 በመቶ ስትፈልጉ፣ ግድግዳው በሁለት በኩል ስለሆነ፣ 3.2 × 2 × 0.06 = 0.38 ይሆናል። እንግዲህ 57.1 + 0.6 + 0.38 = 58.08። ኤክስፓንደሩን የምታቆሙት የውስጡ ዲያሜትር 58.1 ሚሊሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው። ቁጥሮቹን ከካታሎግ አትውሰዱ፤ ከእጃችሁ ካለው ቱቦና ከፊታችሁ ካለው ቀዳዳ ለክታችሁ አውጡ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቱቦውን አስገብታችሁ ጫፎቹን አስተካክሉ። አንዱን ጫፍ እንዳይንቀሳቀስ ያህል ብቻ አሰፉ። ወደ ሌላኛው ሂዱና ያንን እስከ ልኩ አሰፉ፤ ከዚያ ተመልሳችሁ የመጀመሪያውን ጨርሱ። ሮለሮቹ ንጹሕና የተቀቡ ይሁኑ፤ የተላጠ ሮለር ቱቦው ውስጥ ጉድጓድ ይተዋል። ሮለሮቹ ከቱብ ሺቱ ውስጠኛ ገጽ አልፈው ብዙ እንዳይገቡ ርዝመታቸውን አስተካክሉ፤ ከቀዳዳው በኋላ ያለው ቱቦ ከኋላው የሚደግፈው ስለሌለ ይነፋል፣ ሌላ ጊዜ ማውጣትም መከራ ይሆናል። እያሰፋችሁ መሃል መሃል እያቆማችሁ ለኩ።

ብዙ ቱቦ የምትቀይሩ ከሆነ ረድፉን ተከትላችሁ አትሂዱ። አንዱን እዚህ፣ አንዱን ማዶ እያዘለላችሁ ሥሩ፤ አለበለዚያ ቱብ ሺቱ ወደ አንድ ወገን ይሳባል። ከአዲሱ ቱቦ አጠገብ ያሉትን ጎረቤቶች በመጨረሻ በቀላሉ ነካ አድርጓቸው። ነካ ብቻ።

በእሳት በኩል ያለው ጫፍ ሰፍቶ ብቻ አይቀርም፤ ወይ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ ቱብ ሺቱ ላይ ይተኛል፣ ወይ ይበየዳል። ቦይለሩ ከፋብሪካ ሲወጣ እንዴት እንደነበረ ተከተሉ።

ብየዳ ካለ

ቅደም ተከተሉ፦ ቀላል ማስፋት፣ ማጽዳት፣ ብየዳ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እስከ ልኩ ማስፋት። ለኤክስፓንደሩ የቀባችሁት ዘይት ከስንጥቁ ካልወጣ ብየዳው በአረፋ ይበሳሳል። ኤሌክትሮዱ 7018 ይሁን፤ በየሱቁ የሚገኘው 6013 ለበርና ለመስኮት ነው። 7018 እርጥበት ይጠላል፣ በክረምት ደግሞ የሐይቁ ዳር አየር ካርቶኑን ያረጥበዋል። በአምራቹ መመሪያ መሠረት በምድጃ ይድረቅና በሙቅ መያዣ ሆኖ እየተመዘዘ ይሠራበት። ቲግ (በጋዝ ከለላ የሚሠራ ረቂቅ ብየዳ) የሚችል በያጅ ካላችሁ ለቀጭኑ ጫፍ የተሻለ ነው። የብየዳው ሙቀት የጎረቤት ቱቦዎችን መገጣጠሚያ ሊያላላ ስለሚችል እነሱንም ፈትሹ።

ሙከራ

ሙከራው እንደ ፍለጋው ነው፤ ለብ ያለ ውሃ፣ አየር ማስወጣት፣ ቀስ ብሎ ማንሣት። እስከ ሥራ ግፊት አንሥታችሁ ግማሽ ሰዓት ያዙና እያንዳንዱን ጫፍ በደረቅ ጨርቅ እየዳበሳችሁ እዩ። ከፍ ያለ ግፊት የሚታዘዘው መርማሪው ሲጠይቅ ነው፤ እሱም ቢሆን ከተፈቀደው ከፍተኛ የሥራ ግፊት 1.5 እጥፍ አያልፍም፣ ሴፍቲ ቫልቮቹም በአግባቡ ይዘጉ። ሲያልቅ የዘጋችሁበትን ነገር ማንሣታችሁን ሁለት ሰው ይመስክር።

እሳት መልሶ ማስነሣት

የማንሆሉና የእጅ ማስገቢያዎቹ ጓርኒሲዮን ይቀየር፤ አሮጌው «ገና ነው» አይባልም። በዝቅተኛው እሳት ጀምሩ፣ ጥቂት ደቂቃ አንድዳችሁ አሳርፉ፣ እንደገና አንድዱ። ግፊት እስኪጀምር ሰዓታት ይውሰድ፤ ሙሉ የሥራ ግፊት ላይ በአንድ ፈረቃ መድረስ ይበቃል። የአየር ቫልቩ እንፋሎት እስኪያወጣ ክፍት ይቆይ። ሲሞቅ የማንሆሉን ዳዶዎች በልኩ አጥብቁ።

ለምን ተበሳ?

የሰነጠቃችሁትን ቱቦ አምጡ።

በውሃው በኩል ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ዓይነት ነጭ ቅርፊት ካለው ሶፍትነሩ (ቅርፊት የሚሠራውን ካልሲየምና ማግኒዝየም ከውሃው የሚያወጣው ዕቃ) አልሠራም። ቅርፊቱ ውሃውን ከብረቱ ይለየዋል፣ ብረቱ ይግላል፣ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል። የከተማችን የምንጭና የጉድጓድ ውሃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ካልሲየምና ማግኒዝየም ብቻ ሳይሆን ሲሊካም ይዟል። ሶፍትነር ሲሊካን አያወጣም። የሲሊካ ቅርፊት እንደ መስታወት ይጠነክራል፣ በተለመደው የሃይድሮክሎሪክ አሲድ እጥበትም አይለቅም፤ የሚቆጣጠረው ብሎውዳውን ነው። በሶፍትነሩ መውጫ የውሃው ጥንካሬ (የካልሲየምና የማግኒዝየም መጠኑ) ዜሮ አካባቢ መሆኑን በየፈረቃው ለኩ፤ የቦይለሩ ውሃ የሟሟ ጨው ከ3,000 እስከ 3,500 ፒፒኤም አይለፍ። ከሐይቁ በቀጥታ የሚስቡ ቤቶች በክረምት ሌላ ችግር አለባቸው፦ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ ደለል ይዘው ይገባሉ፣ እምቦጩም ማጣሪያውን ይደፍናል።

ትንንሽ ጥልቅ ጉድጓዶች ካሉት፣ በላያቸውም ቀላ ያለ ዝገት ከተከመረ፣ ገዳዩ ኦክስጅን ነው። በዚህ ከፍታ ላይ ያለ 20 ዲግሪ ውሃ በሊትር 7 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ 85 ዲግሪ ላይ ከ2 በታች ይወርዳል። ለእያንዳንዱ 1 ሚሊግራም ኦክስጅን 8 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም ሰልፋይት ስለሚያስፈልግ የመጋቢውን ታንክ ማሞቅ መድኃኒት ማዳን ነው። ግን እስከ ምን ያህል? የአዲስ ቦይለር መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ በባሕር ጠለል ላይ ላለ አገር የተጻፈ ነው። እዚህ የአየር ግፊቱ 82 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ 90 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ የራሱ የእንፋሎት ግፊት 70 ይደርሳል። ለፓምፑ የሚቀረው 12 ኪሎፓስካል፣ ማለትም ከ1.2 ሜትር የውሃ ከፍታ ያልበለጠ ነው። ታንኩ ከፓምፑ በደንብ ከፍ ካላለ ፓምፑ ይንቀጠቀጣል፣ ውሃ ይቋረጣል፣ ቱቦዎቹ ባዶ ይጋለጣሉ። ስለዚህ ታንኩ ዝቅ ያለ ከሆነ 80 እስከ 85 ላይ ቁሙ።

ቱቦው ከእሳቱ በኩል ከተበላ ነገሩ ሌላ ነው። ፈርነስ በሚባለው ጥቁር ነዳጅ ውስጥ ያለው ድኝ በጥቀርሻው ውስጥ ይቀመጣል፤ ቦይለሩ ሳይጸዳ ለሳምንታት ሲቆም፣ በተለይ በክረምት፣ ጥቀርሻው እርጥበት ስቦ አሲድ ይሆናል። ከመዝጋታችሁ በፊት አጽዱና በሮቹን ገጥማችሁ ደረቅ ኖራ አስቀምጡበት።

ጫፎቹ ብቻ እየላሉ የሚያስቸግሯችሁ ከሆነ ደግሞ የመብራት መቆራረጡን መዝግቡ። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር በርነሩ ከመነሣቱ በፊት ፋኑ ቀዝቃዛ አየር በትኩሶቹ ቱቦዎች ውስጥ ይነፋል፤ ይህ በቀን ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ጫፎቹን ያላላል። በርነሩ ከቦይለሩ ጭነት በላይ ትልቅ ሆኖ ቶሎ ቶሎ የሚጠፋና የሚነሣም ከሆነ ውጤቱ ያው ነው፤ ዝቅተኛውን እሳት ዝቅ አድርጋችሁ አስተካክሉት።

የውሃ ቱቦ ቦይለር ላለው

በጣና በለስ እንዳሉት ባጋስ (ጭማቂው የወጣለት የአገዳ ገለባ) የሚያነዱ የስኳር ፋብሪካ ቦይለሮች ውሃው በቱቦው ውስጥ፣ እሳቱ በውጭ ነው። እዚያ የተበሳ ቱቦ ቶሎ ይዘጋ፤ የሚወጣው ጄት ጎረቤቱን ቱቦ እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። በቱቦው ላይ ከላይ ለብጦ መበየድ መፍትሔ አይደለም። የተጎዳው ቁራጭ ጤነኛ ውፍረት እስኪገኝ ተቆርጦ ወጥቶ በተመሳሳይ ቱቦ ይተካል፤ ሥሩ በቲግ ይበየድና በራጅ ይታያል። እንደ ዓሣ አፍ ተከፍቶ ከንፈሩ የሳሳ ቱቦ ካገኛችሁ ውሃ ተቋርጦበት ነበር፤ የውስጡን መደፈን ሳትፈልጉ አዲስ አትግጠሙ።

ከጥገናው በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት የውሃውን ፍጆታና የጨውን መጠን በየፈረቃው መዝግቡ። በሳምንቱ መጨረሻ ቦይለሩን በአግባቡ አቀዝቅዛችሁ በሮቹን ክፈቱና አዲሱን ቱቦና በዙሪያው ያሉትን ስምንት ጎረቤቶች በጨርቅ ዳብሱ። የቱብ ሺቱን ሥዕል፣ የተቀየረውን ቱቦ ቁጥር፣ የቀዳዳውን ልኬትና የመጨረሻውን የውስጥ ዲያሜትር ጽፋችሁ በቦይለሩ ክፍል ግድግዳ ላይ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ለጥፉ።